መርፌው በናይሮቢ

በኖቬምበር 2010 (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች ኮሚቴ አምስተኛ ጉባኤውን በናይሮቢ ከተማ አካሄደ። ከ15 እስከ 19 በዘለቀው በዚህ ጉባኤ የስፔኖች ፍላሜንኮ፣ የፈረንሳውያን የማዕድ ሥርዓት፣ የሜክሲኮ ባህላዊ ምግብና በጭልፊት የማደን ጥበብ የሰው ልጅ ቅርሶች ተብለው ተመዘገቡ። ቻይናም በበኩሏ የፔኪንግ ኦፔራንና አንድ የሕክምና ጥበብ አስመዘገበች። ይኸውም በቀጫጭን መርፌ ገላን እየወጉ፣ የደረቀ ቅጠልም በቆዳ አጠገብ እያጨሱ ሕመምን የማስታገስ ጥበብ ነው፤ ዓለም የመርፌውን ክፍል አኩፓንክቸር፣ የሚጨሰውን ቅጠል ሞክሳ ይለዋል።

ኮሚቴው የመዘገበው ባህልን እንጂ መድኃኒትነትን አይደለም። መርፌው የወገብ ሕመምን ያድናል ወይም ደም ብዛትን ያወርዳል የሚል ቃል በናይሮቢው ውሳኔ ውስጥ አይገኝም፤ ሊገኝም አይችልም፤ የኮሚቴው ሥልጣን እዚያ ድረስ አይዘልቅምና። ይሁን እንጂ ቅርስነትና ፈዋሽነት በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ጎን ለጎን ሲጻፉ አንዱ ለሌላው ምስክር መምሰሉ አይቀርም። ነገሩን ይበልጥ የሚያስገርመው ግን ሌላ ነው። ጉባኤተኞቹ ስለ መርፌው በሚመክሩበት ሰዓት፣ ከአዳራሹ ውጭ ባለው ከተማ ኪሊማኒና ኸርሊንግሃም በመሳሰሉት ሰፈሮች ቻይናውያን መርፌውንና ብልቃጡን ይዘው ሥራ ከጀመሩ ዓመታት አልፈዋል። የናይሮቢ ሰው በስዋሂልኛ «ዳዋ ያ ኪቺና»፣ የቻይና መድኃኒት፣ እያለ የሚጠራው ይህ ነገር በዩኔስኮ በር አልገባም። በየትኛው በር ገባ የሚለው ጥያቄ ዛሬም በሽተኛውን የሚመለከት ነው፤ ባለቤት ያለው ሕክምናና ባለቤት የሌለው ሸቀጥ የሚለዩት በመግቢያቸው ነውና።

ስለ አኩፓንክቸር የሚጻፉ በራሪ ወረቀቶች አብዛኛውን ጊዜ «የአምስት ሺህ ዓመት ጥበብ» በማለት ይጀምራሉ። ታሪኩ ግን እንዲህ ቀጥ ያለ መስመር አይደለም። በደቡብ ቻይና ማዋንግዱይ በተባለ ስፍራ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ168 የተዘጋ መቃብር በ1973 ተቆፍሮ ሲወጣ በሐር ላይ የተጻፉ የሕክምና ጽሑፎች ተገኙ። ጽሑፎቹ በሰውነት ውስጥ ስለሚያልፉ መስመሮች በዝርዝር ያወራሉ፤ በመስመሮቹ ላይ ቅጠል ማጨስንም ያስተምራሉ፤ መርፌን ግን በእነዚህ መስመሮች ላይ አያነሱም። መርፌው ጎልቶ የሚታየው ከዚያ በኋላ በተጠናቀረው «የቢጫው ንጉሠ ነገሥት የውስጥ መጽሐፍ» በሚባለው ድርሳን ነው። ከዚያ ወዲህ ጥበቡ አደገ፤ በሦስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሁዋንግፉ ሚ የተባለ ሊቅ ለመርፌ ብቻ የሆነ ትልቅ መጽሐፍ አዘጋጀ፤ በአሥራ አንደኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያም ዋንግ ዌይዪ የሚባል የቤተ መንግሥት ሐኪም መወጊያ ነጥቦቹ ሁሉ የተበሱበት የነሐስ ሰው አሠርቶ ተማሪዎች ይፈተኑበት ጀመር።

ሆኖም ይኸው የተከበረ ጥበብ በ1822 በንጉሠ ነገሥት ዳኦጉዋንግ ትእዛዝ ከቤተ መንግሥቱ የሕክምና ተቋም ተባረረ። በ1929 ደግሞ የናንጂንግ ሪፐብሊካዊ መንግሥት የጤና ሹማምንት መላውን የአገሩን ሕክምና ቀስ በቀስ ለማጥፋት ውሳኔ አቀረቡ፤ ባህላዊ ሐኪሞቹ በአንድነት ተነሥተው በመቃወማቸው ሐሳቡ ከሸፈ። መርፌውን ከገጠር መንደርና ከመንገድ ዳር አንሥቶ ወደ ሆስፒታል የመለሰው ከ1949 በኋላ የመጣው የኮሚኒስቶች መንግሥት ነው። ምክንያቱም ፍቅር ብቻ አልነበረም፤ በዘመናዊ ትምህርት የሠለጠነ ሐኪም ለዚያ ሁሉ ሕዝብ አልበቃም። ዛሬ በናይሮቢ አልጋ ላይ የተኛ ሰው ገላ የሚወጋው ፀጉር የመሰለ መርፌም፣ ሐኪሙ የተማረበት ሥርዓተ ትምህርትም፣ በአብዛኛው በሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቅርጻቸውን የያዙ ናቸው። ይህን መናገር ጥበቡን ማሳነስ አይደለም። እንዲያውም ሁለት ጊዜ ሞት ተፈርዶበት ሁለት ጊዜ የተነሣ ሕክምና፣ ዝም ብሎ ከጥንት ከወረደው ይልቅ የሚመረመር ነገር አለው።

ለአበሻ አንባቢ የዚህ ሕክምና አካሄድ እንግዳ የሚመስለው በስሙ ብቻ ነው። በቻይና ሐኪም ቤት ጀርባ ላይ የሚደፋውን የብርጭቆ ኩባያ ያየ ኢትዮጵያዊ ወዲያው የሚያስታውሰው ዋገምትን ነው፤ ቀንዱ በብርጭቆ ተተካ እንጂ ሥራው ያው የታመመውን ቦታ መሳብ ነው። ብጣቱም፣ በጋለ ብረት መተኮሱም፣ የወጌሻው እጅም የዚያው ቤተሰብ ናቸው። ለሞክሳ የሚያገለግለው ቅጠል ደግሞ በአገር ቤት ጓሮ ከሚበቅሉት ከአሪቲና ከጭቁኝ ጋር የአንድ ወገን ተክል ነው። ከዚህም በላይ የቻይና ሐኪሞች ለድብደባና ለቁርጥማት ሕመም አዘውትረው የሚያዙት ዕጣንና ከርቤ ከአፍሪካ ቀንድና ከዐረብ አገር በንግድ የደረሳቸው ነው፤ ከሺህ ዓመት በላይ የመድኃኒት መጻሕፍታቸው አካል ሆኖ ኖሯል። ከመተማና ከሑመራ በረሃ የሚለቀመው ዕጣን ዛሬም ከሚሸጥባቸው አገሮች አንዷ ቻይና ናት። እንግዲህ አንድ ኢትዮጵያዊ ናይሮቢ ውስጥ ለጉልበቱ የቻይና ክኒን ሲገዛ፣ በክኒኑ ውስጥ የአገሩን ዛፍ ሙጫ መልሶ ሊገዛ ይችላል ማለት ነው። ቻይናውያኑ በበኩላቸው ለዚህ ባሕር ዳርቻ እንግዳ አይደሉም፤ የማሊንዲ ገዥ በ1415 ለንጉሠ ነገሥት ዮንግሌ ቀጭኔ ገጸ በረከት መላኩን የቻይና ዜና መዋዕል መዝግቦታል።

የቻይና ሐኪም ወደ ዘመናዊቱ አፍሪካ የገባው በመንግሥት በር ነው። በ1963 የመጀመሪያው የሐኪሞች ቡድን ከፈረንሳይ አገዛዝ ነፃ ወደወጣችው አልጄሪያ ተላከ። በ1964 ዛንዚባር፣ በ1965 ሶማሊያ፣ በ1968 የታንዛኒያ ዋና ምድር ተከተሉ። አሠራሩ እንዲህ ነበር፤ አንድ የቻይና ጠቅላይ ግዛት ለአንድ የአፍሪካ አገር ኃላፊ ይሆንና ሐኪሞችን እያፈራረቀ ይልካል። ኢትዮጵያ የደረሰችው ለሄናን ጠቅላይ ግዛት ነው። ሁለቱ መንግሥታት የዲፕሎማሲ ግንኙነት የመሠረቱት በኖቬምበር 1970 ሲሆን፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በኦክቶበር 1971 ቤጂንግን ጎብኝተው ከማኦ ጋር ተገናኝተዋል። የመጀመሪያው ቡድን አዲስ አበባ የገባው ግን በ1974 ነው፤ ማለትም ንጉሡ ከዙፋናቸው በወረዱበት ዓመት። ሐኪሞቹ በሕዝብ ሆስፒታሎች ውስጥ ከኢትዮጵያውያን ባልደረቦቻቸው ጋር ሠሩ፤ በቡድኖቹ ውስጥ ከቀዶ ሐኪሞችና ከማደንዘዣ ባለሙያዎች ጋር የመርፌ ሐኪም መኖሩም የተለመደ ሆነ። ኋላም በቻይና እርዳታ አቃቂ ቃሊቲ ላይ የተሠራውና በቤጂንግ ኦሎምፒክ ሁለት ወርቅ ባገኘችው በጥሩነሽ ዲባባ ስም የተሰየመው ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል የቡድኑ መቀመጫ ሆነ። እዚያ ለመርፌ የሚሰለፍ በሽተኛ ካርድ ያወጣል፤ ታሪኩ ይጻፋል፤ የመርፌ ሐኪሙ ካልሆነለት በዚያው ግቢ ወዳለ ሌላ ክፍል ይላካል።

ኬንያ ይህን መንገድ አልተከተለችም። ነፃነቷን በተቀዳጀች በሁለተኛው ቀን፣ ዲሴምበር 14 ቀን 1963፣ ከቻይና ጋር ግንኙነት መሠረተች፤ ኦጊንጋ ኦዲንጋም በ1964 ቤጂንግ ድረስ ሄዶ የእርዳታ ስምምነት ይዞ ተመለሰ። ነገር ግን ወዳጅነቱ ዕድሜ አላገኘም። በኬንያታና በኦዲንጋ መካከል የተፈጠረው የፖለቲካ ጠብ ቻይናንም ጨመራት፤ በ1967 ኬንያ የቻይናን ጉዳይ ፈጻሚ ከአገር አስወጣች። ጎረቤት ታንዛኒያ ከቻይናውያን ጋር የባቡር ሐዲድ በምትዘረጋበት ዘመን ናይሮቢ ፊቷን ወደ ምዕራብ አዞረች። ግንኙነቱ የተሻሻለው ዳንኤል አራፕ ሞይ ሥልጣን ከያዙ በኋላ፣ በተለይም በ1980 ቤጂንግን ከጎበኙ ወዲህ ነው። ከዚያ የተገኘው የሚታይ ፍሬ ግን ሐኪም ሳይሆን ስታዲየም ሆነ፤ ለ1987ቱ የመላው አፍሪካ ጨዋታ የተሠራው የካሳራኒ ስታዲየም። ታንዛኒያ በዚያው በ1987 ቻይናውያን ሐኪሞች በዳሬሰላም ሙሂምቢሊ ሆስፒታል የኤድስ ሕሙማንን በዕፅዋት መድኃኒት የሚከታተሉበትን ትብብር ስትጀምር፣ በኬንያ ለዚህ አቻ የሚሆን መንግሥታዊ መሠረት አልተጣለም።

ስለዚህ መርፌው ወደ ናይሮቢ የመጣው በነጋዴ ሻንጣ ነው። ጊዜውም ያለ ምክንያት አልተመረጠም። በዲሴምበር 1989 የኬንያ መንግሥት በዓለም አበዳሪዎች ግፊት በሕዝብ ሆስፒታሎች የወጪ መጋራት የሚባለውን ክፍያ አስገባ፤ በመካከሉ ቢያቋርጠውም እንደገና መለሰው። ሆስፒታል ደርሶ ከፍሎ፣ መድኃኒቱን ደግሞ ከውጭ ግዛ የተባለ ሰው ሌላ በር ማንኳኳቱ አያስደንቅም። በዚሁ በዘጠናዎቹ ዓመታት ነው በናይሮቢና በሞምባሳ የቻይናውያን የግል ሐኪም ቤቶች አንድ ሁለት እያሉ መታየት የጀመሩት። ከሁለት ሺህ ወዲህ ቻይናውያን ነጋዴዎችና መንገድ ሠሪዎች ሲበዙ እነርሱም በዙ። የኮንፊሽየስ ተቋም በ2005 መጨረሻ በናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ ተከፈተ፤ ለአፍሪካ የመጀመሪያው ነበር። የቻይና ዓለም አቀፍ ሬዲዮም በጃንዋሪ 2006 ከናይሮቢ በኤፍ ኤም ማሰራጨት ጀመረ። መርፌው ከዚህ ሁሉ ጋር የተጓዘ እንጂ ለብቻው የመጣ እንግዳ አይደለም።

በምሥራቅ አፍሪካ ያሉትን የቻይና ሐኪም ቤቶች ለብዙ ዓመታት ያጠኑት የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ሰብእ ሊቅ ኤሊዛቤት ሹ ናቸው፤ ሰፊ መጽሐፋቸውም በ2022 ታትሟል። ካስተዋሏቸው ነገሮች አንዱ ሊጠቀስ ይገባዋል። በአውሮፓ ወደ ቻይና ሐኪም የሚሄድ ሰው የሚፈልገው ዝግ ያለና ለስላሳ የሆነ ፈውስ ነው፤ በታንዛኒያ ያነጋገሯቸው በሽተኞች ግን የቻይናን መድኃኒት ያመሰገኑት ቶሎ ስለሚሠራ ነበር። የአገሩ ሥራ ሥርና ቅጠል ተቀቅሎ ለሳምንታት ይጠጣል፤ የቻይናው ግን በብልቃጥ ታሽጎ፣ በክኒን ተቀርጾ፣ እንደ ፈረንጅ መድኃኒት ተዘጋጅቶ የሚገኝ ነው፤ ይሁን እንጂ «ከዕፅዋት የተሠራ» ይባላል። ከሁለቱ ዓለም የሚሻለውን ይዟል ተብሎ ታመነ። ከዚህም የተነሣ ገበያውን የያዘው መርፌው ሳይሆን ብልቃጡ ሆነ።

መርፌው ወደኋላ የቀረበት ሌላም ምክንያት መገመት አያዳግትም። ፕሬዚዳንት ሞይ በኖቬምበር 1999 ኤድስን ብሔራዊ አደጋ ብለው ሲያውጁ፣ «ሲንዳኖ» የሚለው የስዋሂሊ ቃል፣ መርፌ ማለት ነው፣ ለብዙ ሰው የሞት መልእክተኛ ሆኖ ነበር። ስንት ሰው ተወግቶበት ይሆን ሳይሉ ገላን ለመርፌ መስጠት ከባድ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ አገልግሎ የሚጣለው በወረቀት የታሸገ መርፌ ሲለመድ ፍርሃቱ ረገብ አለ። ዛሬም ቢሆን በሽተኛው መጀመሪያ ሊያየው የሚገባው ሐኪሙ ማሸጊያውን በፊቱ ሲቀድ ነው።

ወደ እነዚህ ቤቶች ሰው የሚወስደው ሕመም በአብዛኛው ዕለታዊው ነው፤ የወገብ ቁርጥማት፣ የጉልበት ሕመም፣ የማይለቅ ራስ ምታት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ጨጓራ፣ በስትሮክ ምክንያት የዛለ እጅና እግር። መርፌው ለእነዚህ ምን ይረዳል የሚለው ጥያቄ በሳይንስ ዓለም ብዙ ቀለም አፍስሷል። በምዕራቡ ዓለም ጉጉቱን የቀሰቀሰው ጋዜጠኛው ጄምስ ሬስተን ነው፤ በጁላይ 1971 በቤጂንግ ሳለ ትርፍ አንጀቱ በተለመደው ማደንዘዣ ከወጣ በኋላ የተሰማውን ሕመም በመርፌ እንዳስታገሡለት በኒውዮርክ ታይምስ ጻፈ። ጽሑፉ ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ ቀዶ ሕክምናው ራሱ በመርፌ ብቻ እንደተደረገ ሆኖ መነገሩ የወሬ ጠባይ ነው። በፔኪንግ ደግሞ ሃን ጂሼንግ የተባሉ ተመራማሪ መርፌው አንጎል የራሱን የሕመም ማስታገሻ እንዲያመነጭ እንደሚያነሣሣ በጥንቸሎች ላይ ባደረጉት ምርምር አመለከቱ።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያነጋግረው ግን ጀርመኖች በ2007 ያሳተሙት ጥናት ነው። ለረጅም ጊዜ ወገባቸውን የታመሙ 1,162 ሰዎች በሦስት ተከፈሉ፤ አንዱ ክፍል በትክክለኛዎቹ የቻይና ነጥቦች ላይ ተወጋ፤ ሁለተኛው ሆን ተብሎ ነጥብ ባልሆነ ቦታ ለስሙ ያህል ተወጋ፤ ሦስተኛው የተለመደውን መድኃኒትና የአካል እንቅስቃሴ ሕክምና ወሰደ። ከስድስት ወር በኋላ ከመጀመሪያው ክፍል በመቶ 47.6፣ ከሁለተኛው 44.2፣ ከሦስተኛው 27.4 የሚሆኑት ተሻላቸው። ውጤቱ ሁለቱንም ወገን ያሳፈረ ነው። መርፌ ከንቱ ነው ያለው ሰው፣ የተወጉት ከተለመደው ሕክምና በላይ መሻላቸውን ማስተባበል አልቻለም፤ ነጥቦቹና መስመሮቹ ምስጢር አላቸው ያለውም፣ ያለ ነጥብ የተወጉት ይህን ያህል መሻላቸውን ማስረዳት አልቻለም። መተኛቱ፣ መዳሰሱ፣ ሐኪሙ ጊዜ ሰጥቶ ማነጋገሩ የሕክምናው ግማሽ አካል ሳይሆን አይቀርም። ለደም ብዛት፣ ለስኳርና ለወባ ግን ማንም መርፌ ተማምኖ የታዘዘለትን መድኃኒት ሊጥል አይገባውም፤ በደረት ላይ ያለ ልክ የገባ መርፌም ሳንባ ሊበሳ እንደሚችል የታወቀ ነው።

ወባ ከተነሣ ዘንድ የቻይና ሕክምና ለምሥራቅ አፍሪካ ያበረከተውን ታላቅ ነገር መዝለል አይቻልም፤ ይህም መርፌ አይደለም። በሜይ 23 ቀን 1967 ቻይና በቬትናም ጫካ በወባ ለሚያልቁ ወታደሮች መድኃኒት የሚፈልግ ምስጢራዊ ሥራ ጀመረች፤ ከቀኑ የተነሣም «ፕሮጀክት 523» ተባለ። ከተመራማሪዎቹ መካከል ቱ ዩዩ የተባሉት ሴት ጥንታዊ መጻሕፍትን ሲያገላብጡ፣ ጌ ሆንግ የተባለ የአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሊቅ ለትኩሳት የጻፈውን አገኙ። መድኃኒቱ ቺንግሃኦ ይባላል፤ ይህም የአሪቲ ወገን ነው። ጌ ሆንግ ያዘዘው ግን እንደ ሌሎች ዕፅዋት መቀቀልን አልነበረም፤ አንድ እፍኝ ቅጠል በውኃ ዘፍዝፎ፣ ጨምቆ መጠጣትን ነው። ቱ ዩዩ እሳቱ መድኃኒቱን እያጠፋው ቢሆንስ ብለው ጠረጠሩ። በዝቅተኛ ሙቀት በኤተር ቢያወጡት፣ በ1971 ቁጥር 191 የተሰጠው ናሙና በሙከራ እንስሳት ደም ውስጥ የነበረውን የወባ ተውሳክ ጨርሶ አጠፋ። ሰው ላይ ከመሞከሩ በፊት እሳቸውና ባልደረቦቻቸው ራሳቸው ጠጡት። የዶክትሬት ማዕረግ የሌላቸው እኚህ ሴት በ2015 የኖቤል ሽልማት ተጋሪ ሆኑ።

ይህ ግኝት ኬንያ የደረሰው ክሎሮኪን አልሠራ ብሎ፣ በ1998 የተተካውም ፋንሲዳር እየደከመ በነበረበት ጊዜ ነው። በ2004 ኬንያም ኢትዮጵያም ከቺንግሃኦ የተገኘውን አርቴሚሲኒን ያካተተውን ጥምር መድኃኒት፣ በሕዝቡ ዘንድ ኮአርተም በሚባለው ስም የታወቀውን፣ ቀዳሚ የወባ መድኃኒት አድርገው መረጡ። ከናይሮቢ በስተ ደቡብ ምሥራቅ አቲ ሪቨር ላይ ቅጠሉን የሚጨምቅ ፋብሪካ ተቋቋመ፤ የኬንያ ደጋ ገበሬዎችም ተክሉን ዘሩ። ከጥንታዊ መጽሐፍ የተነሣው ነገር በሺህ በሚቆጠሩ ጤና ጣቢያዎች የተዳረሰው ግን ተፈትኖ፣ ተለክቶና ተመዝግቦ ነው። የጥንት መጽሐፍ መነሻ ሰጠ እንጂ ማረጋገጫ አልሰጠም። በናይሮቢ መደርደሪያ ላይ ከተደረደሩት ብልቃጦች ብዙዎቹ ይህን ጉዞ አልተጓዙም።

የዚህም አደጋ በሌላ አገር ታይቷል። በ1993 የብራስልስ ሐኪሞች ለመክሳት ሲሉ የቻይና ዕፅ የወሰዱ ሴቶች ኩላሊታቸው መውደሙን ዘገቡ፤ በቻይንኛ ስሙ የሚቀራረብ ሌላ መርዛማ ተክል በስሕተት ተቀላቅሎ ነበር። በልዩ ልዩ አገሮችም «ንጹሕ ዕፅዋት» ተብለው በተሸጡ ክኒኖች ውስጥ ያልተነገረ ኮርቲዞን ወይም የስኳር መድኃኒት መገኘቱ ተደጋግሞ ተዘግቧል። ጉልበቱ በሁለት ቀን የተሻለው ሰው ያዳነው ጥንታዊው ጥበብ ይሁን የተደበቀው ኮርቲዞን በምን ያውቃል? ጽሑፉ በቻይንኛ የሆነን ብልቃጥ የሚሸጠውም ሰው ሁልጊዜ ማንበብ አይችልም።

ኬንያ ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመስጠት ዘገየች፤ ሥሩም ሩቅ ነው። የእንግሊዝ አስተዳደር በ1925 ያወጣው የጥንቆላ ድንጋጌ የአገሩን «ምጋንጋ» ከአስማተኛ ጋር ባንድ ገመድ አሰረው። ከነፃነት በኋላም ባህላዊ ሐኪሞች ለረጅም ጊዜ የተመዘገቡት በጤና ሳይሆን በባህል ጉዳይ መሥሪያ ቤት በኩል ነበር፤ ከዳንሰኞችና ከቅርጻ ቅርጽ ሠሪዎች ጋር ማለት ነው። ኢትዮጵያ በበኩሏ በ1942 ባወጣችው አዋጅ ጉዳት እስካላደረሰ ድረስ ባህላዊ ሕክምናን ተቀብላለች፤ ከአልማ አታ ጉባኤ ማግስትም በ1979 የሚያስተባብር ክፍል በጤና ጥበቃ ሥር አቋቁማለች፤ ምንም እንኳ ወረቀቱ ከሥራው ቢበልጥም። ኬንያ ባህላዊና አማራጭ ሕክምናን በጤና ሕግ ውስጥ በግልጽ ያስገባችው በ2017 ነው፤ ሕጉም ባለሙያዎቹን የሚቆጣጠር አካል በሌላ ሕግ እንዲቋቋም አዘዘ። በሃያ አምስት ዓመት ውስጥ የተተከለን ገበያ በአንድ አንቀጽ ማረም ግን ቀላል አይደለም።

በመጨረሻ የቻይና መድኃኒት በኬንያ መንደር ያስነሣው ትልቁ ሙግት ስለ ሰው ገላ ሳይሆን ስለ አህያ ቆዳ ሆነ። ኤጂያኦ የሚባለው መድኃኒት ከአህያ ቆዳ ተቀቅሎ የሚወጣ ሙጫ ነው፤ ለደም ማነስ፣ ለማዞርና ለወር አበባ መዛባት ይታዘዛል፤ ከጊዜ ወዲህ ደግሞ የሀብታም ቻይናውያን ማጌጫ ሆኗል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ 11 ሚሊዮን ገደማ የነበሩት የቻይና አህዮች ከ3 ሚሊዮን በታች ሲወርዱ ገዢዎቹ ዓይናቸውን ወደ አፍሪካ ጣሉ። ከ2016 ጀምሮ በናይቫሻ፣ በሞጎቲዮ፣ በማቻኮስና በቱርካና አራት የአህያ ቄራዎች ተከፈቱ። በ2009ኙ ቆጠራ 1.8 ሚሊዮን የነበሩት የኬንያ አህዮች በ2019 ወደ 1.2 ሚሊዮን ገደማ ወረዱ። ማታ በረት የገባች አህያ ሌሊት ተሰርቃ፣ ቆዳዋ ተገፎ ሥጋዋ ሜዳ ላይ ተጥሎ መገኘት የተለመደ ሆነ። አህያዋን ያጣች ሴት ውኃውን በጀርባዋ ተሸከመች።

በቢሾፍቱ በ2017 የተከፈተው የአህያ ቄራ ሕዝቡ ስለተቆጣ ሳምንታት ሳይቆይ ተዘጋ፤ አህያ የማይበላበት አገር ከሕግ በፊት ሃይማኖትና ነውር አስቆሙት። በኬንያ ግን ነገሩ ረዘመ። መንግሥት በፌብሩዋሪ 2020 እርዱን ከለከለ፤ በ2021 ፍርድ ቤት ክልከላውን ሻረ፤ ገበሬዎቹም እንደገና ስጋት ላይ ወደቁ። በፌብሩዋሪ 2024 የአፍሪካ ኅብረት መሪዎች አዲስ አበባ ላይ ተሰብስበው የአህያ ቆዳ ንግድን በመላው አህጉር ለ15 ዓመት አገዱ።